አራት የኢሜይል አካውንት በአንድ የሥራ ስልክ፦ ከዘጠኝ ወር አጠቃቀም በኋላ

ስልኩ በአንድሮይድ 14 የሚሠራ የቢሮ ስልክ ነው። አራት አካውንት ተጭኖበታል፦ በማይክሮሶፍት 365 ያለ የመሥሪያ ቤት አካውንት፣ በራስ ዶሜይን (በራስ በተመዘገበ የኢንተርኔት ስም) የተከፈተ የሽያጭ አድራሻ፣ የግል ጂሜይል፣ ደረሰኝና ምዝገባ ብቻ የሚገባበት ሁለተኛ ጂሜይል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ጂሜይል፣ አውትሉክና ተንደርበርድ ተፈራርቀውበታል። አራቱን በአንድ አፕ፣ በአንድ ኢንቦክስ መጠቅለል መጀመሪያ ላይ ያስደስታል፤ ሁለተኛው ወር ላይ ግን ጣጣው ይመጣል። አሁን ስልኩ ላይ ያለው አደረጃጀት ሦስት አፕ ነው። ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የኢሜይል አካውንቶች በስም እንጂ በአሠራር አንድ አይደሉም።

በጣም የሚያናድደው የዶሜይኑ አድራሻ ነው። ጂሜይልና ማይክሮሶፍት 365 በየራሳቸው አፕ ሲከፈቱ መልእክት በደረሰ ቅጽበት ስልኩን ይቀሰቅሱታል። እንደ ዶሜይኑ አድራሻ ያለ ተራ የአይማፕ አካውንት (አይማፕ መልእክቱን ሰርቨር ላይ ትቶ የሚያነብ አሠራር ነው) ጂሜይል አፕ ውስጥ ሲጨመር ግን ሰርቨሩ አይጠራም፤ አፑ ነው በየተወሰነ ደቂቃ ሄዶ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ የሚጠይቀው። የሚመረጠው አጭሩ ልዩነት 15 ደቂቃ ነው። ደንበኛ በስልክ እያወራ «አሁን ላኩት፣ እየው» ሲል 15 ደቂቃ ረጅም ነው። በዚያ ላይ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ዶዝ የሚባል ባትሪ ቆጣቢ አለ፤ ስልኩ ስክሪኑ ጠፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የጀርባ ሥራዎችን ያጠራቅምና በየጊዜው ብቻ ይለቃቸዋል። ስለዚህ ሌሊት የገባ መልእክት ጠዋት ስልኩን ሲያነሱ ግልብጥ ብሎ ይመጣል።

መፍትሔው ለዚህ አድራሻ ተንደርበርድን መጠቀም ሆኗል። የአንድሮይዱ ተንደርበርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሲሆን መሠረቱ የድሮው ኬ-9 ሜይል ነው፤ ከአይማፕ ሰርቨር ጋር ግንኙነቱን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። ፑሽ (መልእክት በደረሰ ቅጽበት የሚያሳውቀው አሠራር) የሚበራው በየፎልደሩ ነው፦ ወደ አካውንቱ ሴቲንግ፣ ከዚያ ወደ ፎልደሮች ገብተው ኢንቦክስን ብቻ ያብሩ። አሥር ፎልደር ማብራት አሥር ክፍት መስመር መያዝ ነው፤ ባትሪው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። አፑ የ«ማንቂያና አስታዋሽ» ፈቃድ ሲጠይቅ ይስጡት። የአይማፕ ሕግ ክፍት መስመርን ቢያንስ በየ29 ደቂቃው ማደስን ይመክራል፤ ሰርቨሩ ከ30 ደቂቃ ዝምታ በኋላ ሊዘጋው ይችላልና። ፈቃዱ ከሌለ አፑ በሰዓቱ አይነሳም። ቀጥሎ በስልኩ የባትሪ ሴቲንግ አፑን «ያልተገደበ» ያድርጉት። ፑሽ ሲበራ አዲስ ኢሜይል እየጠበቀ መሆኑን የሚናገር ቋሚ ኖቲፊኬሽን ከላይ ይቀመጣል፤ ካስጠላዎት ያንን አንዱን ብቻ ማጥፋት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። በዋይፋይ በደንብ የሚሠራው ፑሽ በሞባይል ዳታ አንዳንዴ ይደነዝዛል። ምክንያቱ፣ የሞባይል ኔትወርክ ዝም ብሎ የቆየን መስመር ሳይናገር ይቆርጠዋል፤ ስልኩ ግን አሁንም የተገናኘ ይመስለዋል። ሰርቨሩ ወይም አፑ የእድሳቱን ልዩነት ማሳጠር ከፈቀደ ይሻላል፤ ባትሪ ግን ይበላል።

የዶሜይኑ አካውንት ሲጨመር የሚፈጠሩ ስህተቶች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። የገቢ መልእክት ፖርት (የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር) 993 ነው። ወጪው 465 ከሆነ ኤስኤስኤል፣ 587 ከሆነ ስታርት-ቲኤልኤስ (ሁለቱም የምስጠራ ዓይነቶች ናቸው) መምረጥ ያስፈልጋል፤ ከተገላበጠ አፑ እየዞረ ይቆይና «መገናኘት አልተቻለም» ይላል፣ ሰውየው ደግሞ ፓስወርዱን ይጠረጥራል። የተጠቃሚ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው አድራሻ ነው። የሰርተፍኬት (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ ሰነድ) ማስጠንቀቂያ ከመጣ «ተቀበል» ከማለት ይልቅ በሰርቨሩ ስም ቦታ ኢሜይሉን የሚያስተናግደውን ድርጅት ሰርቨር ትክክለኛ ስም ያስገቡ፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ሰርተፍኬቱ የወጣው በእርስዎ ዶሜይን ስም አለመሆኑ ነው። ከስልክ የላኩት ኮምፒውተር ላይ ካልታየ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ ላይ ሁለት የ«ተልኳል» ፎልደር ተፈጥሯል ማለት ነው፤ በአካውንቱ ሴቲንግ ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚጠቀምበትን ይምረጡ።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። ኢሜይል መዘግየቱ ያናድዳል፤ ከተሳሳተ አድራሻ መላክ ግን ያዋርዳል። በጋራ ኢንቦክስ ውስጥ ለመጣ መልእክት መልስ ሲሰጡ አፑ መልእክቱ የደረሰበትን አካውንት ይይዛል፣ ችግር የለም። ችግሩ አዲስ መልእክት ሲጽፉና ከሌላ አፕ ፋይል «ሼር» ሲያደርጉ ነው። የዋጋ ማቅረቢያውን ከፋይሎች አፕ ውስጥ ይዘው ወደ ኢሜይል ሲልኩ ከላይ ያለችው የ«ከ» መስመር የግል ጂሜይሉን ይዛ ልትከፈት ትችላለች። በትናንሽ ግራጫ ፊደል ስለተጻፈች ዓይን ያልፋታል። አውትሉክ ነባሪ አካውንት የሚመረጥበትና ለየአካውንቱ የተለየ ፊርማ የሚጻፍበት ሴቲንግ አለው፤ ሁለቱንም ያስተካክሉ። ፊርማውን እንደ ማንቂያ መጠቀም ይሠራል፦ ለሥራው ባለአራት መስመር፣ ለግሉ አንድ ቃል። ከታች ያለው ፊርማ ካጠረ ከላይ ያለውን አድራሻ ማየት ያስፈልጋል።

ይህን በአቋራጭ ለመፍታት የሽያጩን አድራሻ በጂሜይል ሰርቨር በኩል ለመላክ የሚሞክር አለ። አይመከርም። የዶሜይኑ የኤስፒኤፍና የዲኪም መዝገብ (መልእክቱ በእርግጥ ከዶሜይኑ መሆኑ የሚጣራበት) ያንን ሰርቨር ካላወቀው መልእክቱ ወደ ስፓም ይወርዳል ወይም ይመለሳል። ጎግልና ያሁ በተለይ ከእ.ኤ.አ. የካቲት 2024 ወዲህ ነገሩን አጥብቀውታል። እያንዳንዱ አድራሻ በራሱ ኤስኤምቲፒ (የመላኪያ ሰርቨር) ይላክ።

የመሥሪያ ቤቱ አካውንት በሥራ ፕሮፋይል (ከግሉ ተለይቶ በታጠረ የስልኩ ክፍል) ውስጥ፣ በአውትሉክ ላይ ነው። ፕሮፋይሉን የሚፈጥረው የድርጅቱ አይቲ ክፍል ነው፤ በውስጡ ያሉ አፖች አይከናቸው ላይ የቦርሳ ምልክት አላቸው። ከሥራ ሰዓት በኋላ በአንድ መንካት ይጠፋሉ፣ ኖቲፊኬሽንም አይመጣም። ለብቻው እንኳ ይህ ጥቅም ሌላውን ድካም ይክሳል። ሁለተኛው ጥቅም ስልክ ሲጠፋ ወይም ሠራተኛ ሲለቅ ነው፦ አይቲ የሚያጠፋው ፕሮፋይሉን ብቻ ነው፣ የግል ፎቶው ይተርፋል። ያለ ፕሮፋይል አካውንቱን በአክቲቭሲንክ (በማይክሮሶፍት የማገናኛ አሠራር) ከስልኩ የኢሜይል አፕ ጋር ላገናኘ ሰው ግን ከርቀት የሚላከው ማጥፊያ ትእዛዝ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ሊያራግፈው ይችላል። ጉዳቱ፣ የሥራውና የግሉ ኢንቦክስ አንድ ላይ አይታዩም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ኮፒ ማድረግም ሊከለከል ይችላል።

ኖቲፊኬሽን ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ጂሜይል አፕ ለየአካውንቱ የተለየ ድምፅ መስጠት ይፈቅዳል፤ የደረሰኙን አካውንት ጸጥ ያድርጉት።

ፓስወርድ ግን ጊዜ ይበላል። ማይክሮሶፍት ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 ጀምሮ በድርጅት አካውንቶች ላይ ተራ የስምና የፓስወርድ መግቢያን መዝጋት ጀምሯል፤ ጎግልም በዚያው ዓመት በግል አካውንቶች ላይ እንዲሁ አድርጓል። ስለዚህ ፓስወርድ ብቻ የሚጠይቅ የቆየ አፕ ትክክለኛውን ፓስወርድም «ስህተት ነው» ይላል። ወይ የጎግል ገጽ ከፍቶ የሚያስገባ አፕ ይጠቀሙ፣ ወይ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብርተው ባለ16 ፊደል የአፕ ፓስወርድ ያውጡ። የጎግሉን ዋና ፓስወርድ ሲቀይሩ የአፕ ፓስወርዶቹ እንደሚሰረዙም ያስታውሱ።

አባሪ ሲልኩ ገደቡ ከሚመስለው ያነሰ ነው። ፋይሉ ወደ ፊደል ተቀይሮ ስለሚሄድ በሲሶ ያህል ይፋፋል፤ የተቀባዩ ሰርቨር 25 ሜጋባይት የሚቀበል ከሆነ በተግባር የሚያልፈው 18 ገደማ ነው።

ስልክ ከመቀየርዎ በፊት ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጣውን አፕ ወደ አዲሱ ስልክ ያዛውሩና ኮዱ በትክክል መሥራቱን ያዩ፤ ከዚያ አካውንቶቹን። ኮምፒውተር ላይ ተንደርበርድ ካለ በኪውአር ኮድ አካውንቱን ወደ ስልኩ ያሻግራል፤ የፖርት ቁጥር እንደገና መጻፍ አይኖርም። አሮጌውን ስልክ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሳያጸዱ ያቆዩት፤ በተለይ አንዱ አካውንት በፖፕ (መልእክቱን ወደ ስልክ አውርዶ ከሰርቨሩ ሊሰርዝ በሚችል አሠራር) የተገናኘ ከነበረ፣ ከሰርቨሩ የተሰረዙ መልእክቶች ያሉት እዚያ ስልክ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላልና።