ለአነስተኛ የምርምር ገንዘብ፦ የኮሚቴ ነጥብ ወይስ ዕጣ?

ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራን አነስተኛ የምርምር ገንዘብ የሚያከፋፍሉት አብዛኛውን ጊዜ በኮሚቴ ነው። ገምጋሚዎች ፕሮፖዛሉን አንብበው ነጥብ ይሰጣሉ፤ በጀቱ እስኪያልቅ ከላይ ያሉት ያልፋሉ። ደካማውን ሥራ ለመለየት ኮሚቴን የሚስተካከለው የለም፤ የወደቀውም ቢሆን የሚያሻሽልበት አስተያየት ያገኛል። ጣጣው ያለው መሃል ላይ ነው። 81 ያገኘው ሲሸለም 80 ያገኘው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ያቺ አንዲት ነጥብ ግን ከሥራው ጥራት ይልቅ ከገምጋሚው ነጥብ መሰሰት የመጣች ልትሆን ትችላለች። ደግሞስ በአንድ ግቢ ማን ከማን ይደበቃል? ስም ቢሸፈን ርዕሱ ያሳብቃል።

ሁለተኛው መንገድ መስፈርቱን ያሟሉትን በዕጣ መለየት ነው። የሰብአዊና የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምርን የሚደግፈው የብሪታንያ አካዳሚ ጣሪያቸው 10,000 ፓውንድ በሆነ አነስተኛ ድጎማዎቹ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን መሞከር ጀምሯል። ዕጣ አንጋፋና ጀማሪ አይለይም፤ በነጥብ መከራከሪያ የሚባክነውንም ጊዜ ያተርፋል። «ስንፍና ነው» የሚሉት አሉ፤ የመጀመሪያው ማጣሪያ ለይስሙላ ከሆነ እውነታቸውን ነው። ለትልቅ ገንዘብ እኔም ኮሚቴውን እመርጣለሁ። ለትንሹ ግን ዕጣው ያዋጣል፤ አመልካቾች በተገኙበት እስከወጣ ድረስ።