ስታር ኦርቢተር፣ ኢኒሺዬተር ወይስ ግራጁዌተር? የመጀመሪያውን ባለ 29 ሚሊሜትር ሮኬት ለሚገዙ

ትንንሾቹን የኤስተስ ሞዴል ሮኬቶች አስወንጭፎ የቀመሰ ሰው ብዙ ሳይቆይ ተለቅ ያለ መመኘቱ አይቀርም። ቀጣዩ እርከን መካከለኛ ኃይል የሚባለው ነው። ከኢ እስከ ጂ ባሉ ሞተሮች የሚበር ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር የሞተሩ ጠቅላላ ጉልበት ጣሪያ በእጥፍ ያድጋል። ዲ እስከ 20 ኒውተን ሰከንድ ይሄዳል፤ ኢ እስከ 40፣ ኤፍ እስከ 80፣ ጂ እስከ 160። ከዚያ በላይ ያለው የብቃት ማረጋገጫ ስለሚያስፈልገው ለዛሬ እንተወው።

የማወዳድራቸው ሦስት ኪቶች፣ ማለትም ገዢው ራሱ የሚገጣጥማቸው ሮኬቶች፣ የኤስተስ ስታር ኦርቢተር፣ የኤሮቴክ ኢኒሺዬተር እና የሎክ ፕሪሲዥን ግራጁዌተር ናቸው። ሦስቱም የአሜሪካ ኩባንያዎች ኪት ነው። ሦስቱም 29 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሞተር ይገባቸዋል። ካርቶኑን ብቻ አይቶ ለሚገዛ ሰው ልዩነታቸው አይታየውም። ሠርቶ ሜዳ ላይ ላቆማቸው ሰው ግን በጣም ይለያያሉ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ኪት ከመምረጣችሁ በፊት ሞተር ምረጡ። ኪቱን የምትገዙት አንዴ ነው፤ ሞተር ግን በበረራችሁ ቁጥር ትገዛላችሁ።

መጀመሪያ ሞተሩ

ኤፍ15-6 የሚል ሞተር እንውሰድ። ኤፍ የጉልበቱ መደብ ነው። 15 በአማካይ ስንት ኒውተን እንደሚገፋ ይናገራል። 6 ደግሞ ነዳጁ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆየው ሰከንድ ነው።

የሮኬት ሰዎች የሚሠሩበት አንድ ልክ አለ። አማካይ ግፊቱ ከሮኬቱ ሙሉ ክብደት ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን ይላሉ። ኢኒሺዬተር ተሠርቶ ሲያልቅ ወደ 450 ግራም ይመዝናል። ኤፍ15 ሞተር ወደ 100 ግራም ይጨምርበታል። በድምሩ 550 ግራም፣ ማለትም 5.4 ኒውተን ያህል ክብደት ነው። አምስት እጥፉ 27 ይሆናል። ኤፍ15 በአማካይ የሚሰጠው 15 ነው። አይበቃውም። ሮኬቱ ሲነሳ ቀጥ አድርጎ ከሚመራው ዘንግ የሚወጣው እየተጎተተ ነው፤ ትንሽ ነፋስ ካገኘው ያጋድላል። እዚያው ሮኬት ላይ ኤፍ50 ብታስገቡ ግን ወደ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ታገኛላችሁ። ቀጥ ብሎ ይወጣል።

በአንጻሩ ስታር ኦርቢተር ቀጭንና ቀላል ነው። ተሠርቶ ሩብ ኪሎ ቢወጣው ከነሞተሩ 350 ግራም፣ 3.4 ኒውተን ያህል ይሆናል። አምስት እጥፉ 17 ነው። የኤፍ15 አማካይ ከዚህ ትንሽ ቢያንስም ሲነሳ ለአፍታ ወደ 25 ኒውተን ስለሚደርስ ያነሳዋል። ስለዚህ ሙጫው ከደረቀ በኋላ ሮኬታችሁን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑትና ይህን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ክብደት ቀለማችሁንም ሆነ ያፈሰሳችሁትን ሙጫ አያውቅም።

የነዳጁ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። የኤስተስ ኢ16 እና ኤፍ15 የባሩድ ሞተሮች ናቸው። በቀላሉ ይቀጣጠላሉ፤ የቀድሞው ትንሽ ማስወንጨፊያችሁ ሊበቃቸው ይችላል። የኤሮቴክ ሞተሮች ኮምፖዚት ናቸው፤ ዋናው ግብዓታቸው አሞኒየም ፐርክሎሬት ነው። በእኩል ክብደት ከባሩድ የበለጠ ጉልበት ይሰጣሉ። ማቀጣጠያ ሽቦው ግን እስከ ሞተሩ የላይኛው ጫፍ ድረስ መግባት አለበት። ጠንከር ያለ ኤሌክትሪክም ይፈልጋሉ፤ 12 ቮልት ባትሪ መያዝ ይሻላል። ሽቦው ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ ሞተሩ ጭስ ብቻ ተፍቶ ሊቆም ይችላል።

ኮምፖዚት ውስጥ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ተቃጥሎ የሚጣለው ነው። ሁለተኛው የአሉሚኒየም ቀፎ አንዴ ገዝቶ ነዳጁን ብቻ እየለወጡ መሙላት ነው። የኤሮቴክ 29/40-120 ቀፎ ስሙ እንደሚናገረው ከ40 እስከ 120 ኒውተን ሰከንድ ያስተናግዳል፤ ኤፍና ጂ ማለት ነው። ለቀፎው መጀመሪያ የሚወጣው ገንዘብ ይከብዳል። አዘውትሮ ለሚያስወነጭፍ ሰው ግን በጊዜ ያዋጣል። በዓመት አንዴ ሁለቴ ሜዳ ለሚወጣ ሰው የሚጣለው ይበቃዋል።

አንድ ወጪ ብዙ ሰው ሳያስበው ይመጣበታል። ኢ16ና ኤፍ15ን የመሰሉ ሞተሮች በፖስታ ሲላኩ የአደገኛ ዕቃ ክፍያ ይጠየቅባቸዋል። ክፍያው በጭነት እንጂ በፍሬ ስላልሆነ ከጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንድ ላይ እዘዙ። ወይም አቅራቢያችሁ ካለ ሱቅ በእጃችሁ ግዙ። የጂ ሞተር ለመግዛት ደግሞ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

ሥራው

ከሦስቱ ቶሎ የሚያልቀው ኢኒሺዬተር ነው። ክንፎቹ በፋብሪካ የተቀረጹ ፕላስቲክ ናቸው። በቱቦው ስንጥቅ ገብተው ውስጥ ካለው ማያዣ ጋር ቀጭ ይላሉ፤ ማጋደል የለም፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ የለም። አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከልጅ ጋር ለሚሠራ ወላጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁ ሳይሰለች ሮኬቱ ቆሞ ይታያል። ሌላው ጥሩ ነገር የብረት መረቡ ነው። ፓራሹቱን የሚያስወጣው ትኩስ ጋዝ በመረቡ ሲያልፍ ይበርዳል፤ ስለዚህ እሳት የማይበላው ወረቀት በየበረራው መጎስጎስ አይኖርባችሁም። መረቡ ግን ጥላሸት እየያዘ ስለሚሄድ አልፎ አልፎ እዩት። ድክመቱ ፕላስቲኩ ነው። ደረቅ መሬት ላይ በክንፉ ካረፈ ሊሰነጠቅ ይችላል። የእንጨት ሙጫም ፕላስቲክን አይዝም፤ መመሪያው የሚለውን ማጣበቂያ ብቻ ተጠቀሙ።

ስታር ኦርቢተር መሃል ላይ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ትንንሾቹን ሠርታችሁ ከሆነ አዲስ የሚሆንባችሁ ነገር የለም። ክንፎቹ እንጨት ናቸው፤ መፈግፈግና ቀዳዳቸውን መድፈን ይጠይቃሉ። ሞተሩን የሚይዘው በጥርስ የሚጠብቅ ፕላስቲክ ክዳን ነው። ይህ ክዳን ሞተሩ አየር ላይ ተፈናጥሮ እንዳይወጣ ስለሚያደርግ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ግራጁዌተር ሥራ ለሚወዱ ነው። ቱቦው 5.7 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ካርቶን ነው። ክንፎቹ ኮምፔንሳቶ ናቸው። ክንፉ የውጩን ቱቦ በስንጥቁ አልፎ ውስጥ ያለውን የሞተር ቱቦ ይነካል። እዚያ ሥሩ ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ የውጩ ቱቦ ላይ በግራና በቀኝ ሙጫ ይፈስለታል። ቱቦውን በአግድም አስተኝታችሁ፣ መጋጠሚያው ላይ ኢፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ሙጫ አፍስሳችሁ፣ ጓንት ባደረገ ጣት ከላይ እስከ ታች አንዴ ስትስቡት ለስላሳ ጎድጓዳ መስመር ይሠራል። እስኪይዝ ሳታንቀሳቅሱ ጠብቁት፤ ቀጥሎ ያለውን ጎን አዙሩ። ሁሉንም ጎን ለመጨረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ውጤቱን ግን ክንፉን በእጃችሁ ስትነቀንቁት ታውቁታላችሁ። አይነቃነቅም።

የሎክ መመሪያ አጭር ነው፤ የምታውቁ አድርጎ ነው የሚያወራችሁ። የሞተር መያዣ ካርቶኑ ውስጥ ካላገኛችሁ ለብቻው ግዙ። ከሌለ ሞተሩን በወረቀት ፕላስተር ጠቅልሎ አጥብቆ ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን መያዣውን እመርጣለሁ።

ወፍራሙ ቱቦ የሚጠቅመው ፓራሹቱ ሲዘገይ ነው። የሰከንዱን ቁጥር ስትመርጡ ረጅም ከወሰዳችሁ ሮኬቱ ጫፍ ደርሶ መውደቅ ከጀመረ በኋላ ፓራሹቱ ይወጣል። ገመዱ በፍጥነት ሲወጠር የቱቦውን ከንፈር እንደ ዚፕ ይቀደዋል። ቀጭን ቱቦ ይህን አይችልም። ጠንካራው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ሜዳው

የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር የደኅንነት ደንብ ለኢ፣ ለኤፍና ለጂ ሞተር 300 ሜትር ገደማ ጎን ያለው ሜዳ ይጠይቃል። ከሮኬቱ ቢያንስ 9 ሜትር ትርቃላችሁ። ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ካለፈ አይበረርም። ለትንንሾቹ የገዛችሁት 3 ሚሊሜትር ዘንግ ለዚህ ክብደት ይተጣጠፋል፤ ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር የሆነውን ያዙ።

ሜዳችሁ ጠባብ ከሆነ ስታር ኦርቢተርን እርሱት። ቀጭን ስለሆነ በኤፍ15 በጣም ከፍ ይላል፤ ዓይን ያጣዋል፣ ፓራሹቱን ነፋስ ይወስደዋል። ኢኒሺዬተር 6.6 ሴንቲሜትር ውፍረት ስላለው አየሩ ይይዘዋል፤ በደንብ ይታያል።

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ላላችሁ ወገኖች አንድ ነገር ልብ በሉ። በከተማዋ ዙሪያ ያለው የተከለከለ የአየር ክልል ሞዴል ሮኬትንም ይጨምራል፤ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ናቸው። ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አትሞክሩ። በቨርጂኒያ ዘ ፕሌይንስ ያለው ግሬት ሜዶ፣ በሜሪላንድም ፕራይስ አካባቢ ያለው እርሻ የሮኬት ክለቦች የሚበሩባቸው ቦታዎች ናቸው። ግሬት ሜዶ የተማሪዎቹ ብሔራዊ የሮኬት ውድድር ፍጻሜ የተካሄደበት ሜዳ ስለሆነ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ልጅ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት የክለቡን ቀጠሮ አረጋግጡ።

የቱን?

የኤስተስ ዕቃና ሰፊ ሜዳ ያለው ሰው ስታር ኦርቢተርን ይግዛ፤ ወጪው አነስተኛ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከልጁ ጋር መብረር የሚፈልግ ኢኒሺዬተርን ይውሰድ፤ ሞተሩ ግን ኤፍ15 ሳይሆን ጠንካራ ኮምፖዚት ይሁን። እኔ አንድ ብቻ ግዛ ብባል ግራጁዌተርን ነው የምይዘው። ሥራው ያስተምራል። ጂ ሞተርም አይከብደውም።

ለአዲስ አበባ ዘመድ ስጦታ ያሰባችሁ ካላችሁ ኪቱን ሻንጣ ውስጥ መክተት ትችላላችሁ። የሮኬት ሞተር ግን በእጅ ሻንጣም በሚጫነውም ክልክል ነው።