የቤተሰብ የተልእኮ ጉዞ ወደ ሄይቲ፦ የአዘጋጁ አገልግሎት ሲመዘን

ይህ ግምገማ ቤተሰቦችን ከነልጆቻቸው ወደ ሄይቲ የሕፃናት ማሳደጊያ ለአጭር ጊዜ ክርስቲያናዊ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚወስድ አንድ የጉዞ አዘጋጅ ድርጅትን ይመለከታል። እኔና ባለቤቴ ከልጆቻችን ጋር የተጓዝነው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ነበር። ጊዜው የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ካስነሣው ሁከት ጋር በመገጣጠሙ ድርጅቱን በደኅናውም በክፉውም ቀን ለማየት ችለናል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ እንግዶቹን ከአደጋ በመጠበቅ በኩል የሚወቀስበት ነገር እምብዛም የለውም፤ ስለ ማሳደጊያው ልጆች ሲታሰብ ግን የሚሸጠው ጉዞ ራሱ መሸጥ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

የቅድመ ጉዞ ዝግጅቱ ጥሩ ነው። የሚላከው መመሪያ ስለ ታይፎይድና ስለ ሄፓታይተስ ኤ ክትባት፣ ስለ ወባ መከላከያ ክኒን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አገሪቱ ውስጥ ስለገባው ኮሌራና ስለሚጠጣ ውኃ ጥንቃቄ በግልጽ ያስረዳል። ማረፊያው ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦ ፕራንስ በስተሰሜን፣ በባሕሩ ዳርቻ በአርካዬ አካባቢ የሚገኝ ሲሆን ከማሳደጊያው ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፤ አልጋዎቹም አጎበር አላቸው፤ ሩዝ በባቄላና የተጠበሰ ሙዝ በየዕለቱ የማይጠፋበት ምግብም የሚያጠግብ ነው። አርካዬ የሄይቲ ሰንደቅ ዓላማ እ.ኤ.አ. በ1803 የተወለደበት ስፍራ መሆኑን ግን ከአስተናጋጆቻችን አንድም ሰው አላነሣልንም። ስለ አገሩ ድህነት በየማታው ገለጻ የሚሰጥ ድርጅት፣ ባሮች ታግለው ነፃ ሪፐብሊክ ስላቆሙበት አገር ታሪክ ዝም ማለቱ ልጆቻችን ይዘውት የሚመለሱትን ሥዕል ጎዶሎ ያደርገዋል።

ሁከቱ የጀመረው አርብ ጁላይ 6 ቀን ነበር። መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር በገባው ስምምነት መሠረት የነዳጅ ድጎማውን ለመቀነስ ሲል የቤንዚን ዋጋ በ38፣ የናፍጣ በ47፣ የነጭ ጋዝ ደግሞ በ51 በመቶ እንደሚጨምር ይፋ አደረገ። ማስታወቂያው የወጣው ብዙ ሄይቲያውያን እንደ ራሳቸው ቡድን የሚደግፏት ብራዚል በዓለም ዋንጫ ከቤልጂየም ጋር በምትጫወትበት ዕለት ነው፤ ሕዝቡ ዓይኑን ኳሱ ላይ አድርጎ ሳለ ነገሩ ያልፋል ተብሎ ከሆነ ስሌቱ ክፉኛ ከሽፏል። ነጭ ጋዝ መብራት ለሌለው ቤት ኩራዝ ማብሪያ በመሆኑ ትልቁ ጭማሪ ያረፈው በድኃው ላይ ነበር። ጨዋታው እንዳበቃ በየመንገዱ ጎማ መቃጠል ጀመረ፤ መንገዶች በድንጋይና በግንድ ተዘጉ፤ በዋና ከተማዋ ሱቆች ተዘረፉ፤ ባለጸጎች በሚኖሩባት በአጠገቧ ባለችው በፔቲዮንቪል ሆቴሎች ጥቃት ደረሰባቸው። በማግሥቱ መንግሥት ጭማሪውን ቢያግድም ቁጣው ወዲያው አልበረደም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዣክ ጊ ላፎንታንም ጁላይ 14 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

አዘጋጁ ብቃቱን ያሳየው በእነዚህ ቀናት ነው። የግቢው ኃላፊ ሄይቲያዊ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ጎማ መቃጠሉን እንደ ሰሙ እንግዶቹን ሁሉ ሰብስበው ማንም ከግቢ እንደማይወጣ፣ የቅዳሜው የአውሮፕላን ጣቢያ ጉዞም እንደተሰረዘ ነገሩን። ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ አባት በረራቸው እንዳያመልጣቸው አጥብቀው ተከራከሩ፤ ኃላፊው ግን ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «እርስዎ የሚያውቁት የበረራውን ሰዓት ነው፤ እኔ የማውቀው መንገዱን ነው» አሏቸው። በእርግጥም ወደ አውሮፕላን ጣቢያው የሚያደርሰው ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 1 ተዘግቶ ነበር፤ አየር መንገዶችም በረራ ሰርዘዋል፤ የአሜሪካ ኤምባሲም ዜጎቹ ካሉበት እንዳይንቀሳቀሱ አሳስቧል። ቸኩለው ከየማረፊያቸው ወጥተው አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የቀሩ የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ቡድኖች እንደነበሩ በኋላ ከዜና ሰምተናል። ኃላፊው የየሰፈሩን ሁኔታ የሚያጣሩት በሚያውቋቸው የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነጂዎች አማካይነት ነበር፤ መንገዱን ሌሊትም ቀንም የሚያዩት እነሱ ስለሆኑ ወሬያቸው ከሬዲዮው ይቀድማል። ጀነሬተሩ በቂ ናፍጣ፣ የውኃ ጋኖቹም በቂ ውኃ ነበራቸው። ጠዋትና ማታ ለቤተሰቦቻችን የደኅንነት መልእክት ይላክ ነበር፤ ልጆቻችንም በየመካከሉ የሚሆነውን በዕድሜያቸው ልክ እንዲሰሙ ይደረግ ነበር። ልጆች ይዤ ለሄድኩ ወላጅ ከዚህ የተሻለ አያያዝ መጠየቅ ይከብደኛል።

ይኸው መከራ ግን ሌላ ነገር አጋለጠ። የእንግዶች ወጥ ቤትና የማሳደጊያው ወጥ ቤት የተለያዩ ናቸው። የእኛ ግምጃ ቤት ለሳምንታት የሚበቃ ሩዝ፣ ዘይትና የታሸገ ምግብ ሞልቶበት ሳለ፣ የልጆቹ ቀለብ በየዕለቱ ከገበያ የሚገዛ በመሆኑ ገበያው በተዘጋ በማግሥቱ ምግባቸው መሳሳት ጀመረ። ባለቤቴ ነገሩን አይታ ስትጠይቅ ኃላፊው ወዲያው ግምጃ ቤቱን አስከፈቱ፤ ይህም ለእሳቸው ምስጋና ነው። ነገር ግን ድርጅቱ የአደጋ ጊዜ ዕቅዱን ሲያወጣ በግቢው ውስጥ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሲቆጥር እንግዶቹን ብቻ ቆጥሯል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላውንም ነገር በዚሁ ዓይን ማየት ጀመርኩ። የክትባት ካርዳችንን ገጽ በገጽ የመረመረ ድርጅት፣ ከሕፃናት ጋር በአንድ ግቢ ለሚያድሩ ጎልማሶች የወንጀል ነፃ ማስረጃ አልጠየቀም። የልጆቹን ፎቶግራፍ ማንሣትና ማሰራጨት የሚከለክል ደንብም የለም፤ እንዲያውም ይበረታታል። ትንንሾቹ ገና ከመኪና ሳንወርድ እየሮጡ አንገታችን ላይ ተጠመጠሙ፤ ብዙዎቹ እንግዶች ይህን እንደ ፍቅር ተቀበሉት። እኔ ግን በየጊዜው የሚመጣን የማያውቁትን ሰው እንዲህ መጠምጠም፣ ብዙ ጊዜ የተለዩትና ብዙ ጊዜ የተተዉ ልጆች የሚያሳዩት ምልክት መሆኑን ስለማውቅ ደስ አላለኝም።

በማስታወቂያው «ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል በየገጹ ይገኛል። ይሁንና መንገዱ ሲከፈት የአንድ ልጅ እናት በእግሯ መጥታ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ አይተናል፤ ያስገባችውም የትምህርት ቤት ክፍያ ስላቃታት እንደሆነ አስተርጓሚው ነገረን። ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሄይቲ ማሳደጊያዎች ውስጥ ይኖራሉ ተብለው ከሚገመቱት 30,000 ያህል ልጆች ውስጥ 80 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ በሕይወት ያለ ወላጅ እንዳላቸው በዘርፉ የሚሠሩ ድርጅቶች ይገልጻሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ባጸደቀው የሕፃናት መብት ውሳኔ፣ በማሳደጊያዎች የሚደረገው የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ልጆችን ለጉዳት እንደሚያጋልጥ አንሥቷል። የአንድ ቤተሰብ የአውሮፕላን ቲኬት ያችን እናት ከነልጇ ስንት የትምህርት ዘመን ያሻግራት እንደነበር ማስላት ከባድ አይደለም። ይህን ለአዘጋጁ በጽሑፍ አቅርቤ የተሰጠኝ መልስ ትሑት ነበር፤ ልጆችን ወደ ወላጆቻቸው የመመለስ ዕቅድ እንዳለው ግን አንድም ቃል አልያዘም።

በአሁኑ ጊዜ ወደ ሄይቲ መሄድ ከቶ የሚመከር አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 አንድ የወሮበላ ቡድን ከማሳደጊያ ጉብኝት ይመለሱ የነበሩ 17 የተልእኮ ሰዎችን አግቶ ነበር፤ ከመካከላቸው 5ቱ ሕፃናት ነበሩ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ በፖርት ኦ ፕራንስ አውሮፕላኖች በጥይት በመመታታቸው የአሜሪካ አየር መንገዶች ወደዚያ እንዳይበሩ ታግደዋል። አዘጋጁ ግን ተመሳሳይ ጉዞዎችን ወደ ሌሎች አገሮች ማሰናዳቱን ቀጥሏል። የሚመዘገብ ቤተሰብ ማሳደጊያው ከአገሩ መንግሥት ፈቃድ ማግኘቱን፣ ስንት ልጆች ወደ ቤታቸው እንደተመለሱ፣ ለልጆቹ የተቀመጠው የአደጋ ጊዜ ቀለብ ለስንት ቀን እንደሚበቃ በጽሑፍ ይጠይቅ። ከልጆች ጋር የማያገናኙ የግንባታና የሕክምና ጉዞዎችም ስላሉት፣ የጥበቃ ብቃቱን ለሚፈልግ ሰው እነዚያን መምረጥ ይሻላል።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ልጨምር። ድርጅቱ በሁከቱ ምክንያት ለቆየንባቸው ተጨማሪ ቀናት ማረፊያም ምግብም አላስከፈለንም። በጥቅሉ ውስጥ የሚሸጠው የጉዞ ኢንሹራንስ ግን የሕዝብ ዓመፅን ከሽፋን ውጪ የሚያደርግ አንቀጽ ስላለው፣ በመመለሻችን ያመለጠንን ተያያዥ በረራና የሆቴል ወጪ ከኪሳችን ከፍለናል፤ ዓመፅን የሚሸፍን ውል ለብቻ መግዛት ይቻላል፣ አዘጋጁም ሲጠየቅ ይፈቅዳል።