የአየር ሽጉጥ ወይስ ባለ 5.6?

የአክስቴ ልጅ ለመውሊድ ከውጭ ደሴ መጥቶ ነበር። በሚኖርበት አገር የዒላማ ተኩስ ክለብ ገብቷል። ቶናው እየተቀዳ «የመጀመሪያ ሽጉጤ የቱ ይሁን?» አለኝ። በክለቡ ያማረጡት ሁለት ናቸው፦ በታመቀ አየር የሚሠራው ባለ 4.5 ሚሊ ሜትርና ጥይት የሚጎርሰው ባለ 5.6 (ቁጥሩ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው)።

ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አንስቼ በአንድ እጁ ዘርግቶ እንዲይዝ አደረግኩት። ብዙም ሳይቆይ ክዳኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የዒላማ ሽጉጥም ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ዋናው ትግል ከዚህ መንቀጥቀጥ ጋር ነው፤ ለዚህ ደግሞ አየሩን የሚያህል የለም። አይጮህም፣ አይራገጥም ማለት ይቻላል። ጀማሪን የሚያበላሸው ድምፁን ፈርቶ ቃታ ሲስብ ዓይኑን መጨፈኑ ነው። በአየር ሽጉጥ ያ ሰበብ የለም። ርቀቱ 10 ሜትር፣ በዒላማው መሃል ያለችው የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ! ስህተትህን ወዲያው ታየዋለህ።

5.6ቱ በ25 ሜትር ይተኮሳል፤ በዝግታው ተኩስ የአሥር ክቡ 50 ሚሊ ሜትር ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ግን ጥይቱ በየጊዜው ኪስ ያራቁታል፤ ጽዳቱም አለ። ለሁለተኛ ዓመት ይቆይ ባይ ነኝ።

ይህ እዚያ ላለ ሰው ነው። እኛ ጋ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ያስከስሳል።

አክስቴ ከረከቦቱ ወዲያ «ሃይላንዱን መልሱልኝ፣ በረካው ውሃ ይፈልጋል» አለችን።