እቴቴን ዞማ ወሰድኳት

የእናቴ ታላቅ እህት እቴቴ ከደጀን የመጣችው የዓይን ሞራዋን ልታስገፍፍ ነው። ተገፈፈላትና ሳምንት ያህል ካረፈች በኋላ "እንግዲህ ዓይኔን ካበራችሁልኝ የሚታይ ነገር አሳዩኝ" አለችን። ቤተ ክርስቲያን ተሄደ፣ ወዳጅነት ፓርክ ተሄደ። የእኔ ተራ ሲደርስ ዞማ ሙዚየም ልውሰዳት አልኩ። እህቴ ሳቀችብኝ። "እቴቴን ሥዕል ቤት? ምን ልታደርግ?"

እውነት ለመናገር እኔም ትንሽ ፈርቼ ነበር። ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ጋለሪ ገብቼ (ስሙ ይቅር) በሩ ላይ የነበረችው ልጅ ከጫማዬ ጀምራ ወደ ላይ ለክታኝ "ለመግዛት ነው?" አለችኝ። ለማየት ነው አልኳት። ፊቷን መለሰች። ውስጥ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሥዕል አጠገብ አንድ ገጽ ጽሑፍ ተለጥፏል፣ ሦስቴ አንብቤው አልገባኝም፣ ሥዕሉን ያየሁት ለአንድ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ የቀረውን ጊዜ ስለ ሥዕሉ የተጻፈውን ሳነብ ነው የጨረስኩት። ይኼንን እቴቴ ላይ ማድረግ አልፈለግኩም። ፊደል አልቆጠረችም፣ ያ ጽሑፍ ደግሞ ለቆጠርነውም አልሆነም።

ዞማ መካኒሳ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ፣ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና አጋሩ መስከረም አሰግድ የሠሩት ግቢ ነው። መሬቱ ድሮ ቆሻሻ የሚጣልበት የተበከለ ቦታ ነበር፤ አሁን ሲያዩት አይመስልም፣ አትክልቱ ጥቅጥቅ ብሎ ታክሲው ጡሩምባ ከሚነፋበት መንገድ ገባ ሲሉ ጆሮ ያርፋል። ቤቶቹ ጭቃና ጭድ ናቸው። ቤት የሚለው ቃል ራሱ ያንስባቸዋል፤ ግድግዳው በሙሉ እየተጠማዘዘ በሚሄድ መስመር የተቀረጸ ነው፣ ውኃ ነፋስ ሲነካው እንደሚሠራው ሽብሽብ ዓይነት።

እቴቴ ከመጀመሪያው ግድግዳ ፊት ቆመችና አልንቀሳቀስ አለች። ጠጋ አለች። አዲሱን ዓይኗን አጠበበች። ከጭቃው ውስጥ አጫጭር የጭድ ስባሪዎች ወርቅ መስለው ብቅ ብቅ ብለዋል፣ በአንዷ ስንጥቅ ጉንዳን ይመላለሳል። እጇን ሰደደች። እኔ ደንግጬ ያዝኳት፣ "እቴቴ ሙዚየም ውስጥ አይነካም!" አልኳት።

"ግድግዳ ካልተነካ ማን ይለስነዋል?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ጭቃውን ትተነትንልኝ ጀመር። ይሄ በደንብ የቦካ ነው፣ ጭዱ በደንብ ካልበሰበሰ እንዲህ አይያያዝም፣ በጥድፊያ የተመረገ ቢሆን ክረምቱ አንድ ዶፍ ሲያወርድበት ይዘረገፍ ነበር። ወጋግራና ማገሩን ጠየቀችኝ፣ እኔ ምን አውቄ። አንድ ሰዓት ያህል አስጎበኘችኝ። ማን ማንን ነው ሥዕል ሊያሳይ የሄደው?

እዚህ ጋ ስለ ኤልያስ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ግቢውን ያለ ሰውዬው ማውራት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደ፣ አለ ፈለገ ሰላም ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀ ሰው ነው። ግን ቀለምና ብሩሽ ላይ አልቆየም። መርፌና ክር ያዘ። ሸራ ላይ ክር እየሰፋ፣ ቁልፍ እየደረደረ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ያረጀ የላስቲክ ጫማ፣ ያገኘውን ሁሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳንታ ሞኒካ፣ ካሊፎርኒያ ያሳየው ትልቅ ኤግዚቢሽን ስሙም የመርፌ ዓይንና የልብ ዓይን የሚል ነበር። ከዚያ መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ፣ የኮምፒውተርና የስልክ ሆድ ዕቃ። የኤሌክትሪክ ሽቦውን እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ እንጨት ላይ ይመታዋል፣ ሽቦው ራሱ ቀለም ስላለው ቀለም አይቀባም፤ አረንጓዴ ከፈለገ አረንጓዴ ሽቦ እስኪገኝ ይጠብቃል። ለአንድ ሥራ የሚበቃ ዕቃ ለማጠራቀም ዓመታት የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ታይትሮፕ ብሎ የሰየመው ተከታታይ ሥራ ነው ዓለም ያወቀው፣ አክሮባቲስት የሚሄድበት የተወጠረ ገመድ ማለት ነው።

ካፌው ጋ ቁጭ ብለን እቴቴ ቡናዋን እየጠጣች ስልኬ ላይ ከነዚህ አንዱን አሳየኋት። ስልኩን ራቅ አደረገችው፣ ቀረብ አደረገችው። "ከኛ አፋፍ ላይ ሆነህ ቁልቁል ስታይ ማሳው እንዲህ ነው" አለች። (ደጀንን የሚያውቅ ያውቃል፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው የተቀመጠው።) ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁላት። ዝም አለች። "ይሄ ስፌት ነው እንዴ?"

ሽቦ ነው አልኳት። የሞተ ስልክ፣ የሞተ ኮምፒውተር።

"ሽቦ ይሁን አክርማ ይሁን፣ ስፌት ነው። አየኸው፣ ዙሩን ሲያጠብቅ።"

እቴቴ የስፌት ሰው ናት። ሞራው ዓይኗን እስኪሸፍነው ድረስ ሞሰብ፣ ሰፌድ፣ ሌማት ከእጇ አይጠፋም ነበር። እናም በሠፈሯ ሞሰብ ላይ ማንም ስሙን አይጽፍም፣ ግን ሰርግ ቤት ሃያ ሞሰብ ቢደረደር የየትኛዋ ሴት እንደሆነ ይታወቃል። እንዴት? ብዬ ጠየቅኳት። አንዷ ወስፌዋን አጠጋግታ ትወጋለች፣ ስንደዶው አይታይም። አንዷ ቀይ ሳታስገባ አይሆንላትም። አንዷ ደግሞ ክዳኑ ላይ ስትደርስ ትቸኩላለች፣ ሁልጊዜ ትንሽ ዘንበል ይልባታል፣ ያቺ መዝመም ናት መታወቂያዋ። "የእገሊት እጅ ነው ይባላል" አለች። "እጇ ነው።"

እኔ ይሄን ቃል ስፈልግ ስንት ዓመት ሆነኝ። ሥዕል የሚማሩ ጓደኞች አሉኝ፣ ወሬያቸው ሁሉ ስታይል ነው። ስታይሌን አላገኘሁም፣ ስታይል ልቀይር ነው፣ በወር አንዴ ኢንስታግራም ላይ አዲስ ሰው ሆነው ይመጣሉ፣ ላይክ ያመጣውን ይደግሙታል፣ ያላመጣውን ያጠፉታል። ስታይል ሱቅ ተገብቶ የሚመረጥ ሸሚዝ ይመስል። እጅ ግን አይመረጥም። ሺህ ጊዜ ስትወጋ ይመጣል፣ ስህተትህም አብሮ ይመጣል። ኤልያስ ከክር ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ ጭቃ ግድግዳ ሲሻገር ዕቃው ሁሉ ተቀይሯል፣ እጁ ግን ያው ነው፤ ያ ግድግዳ ላይ የሚጠማዘዘው መስመርና ሽቦው ላይ ያለው ጉንጉን ወንድማማቾች መሆናቸውን ለማወቅ የተማረ መሆን አያስፈልግም። እቴቴ በግማሽ ቀን ለየችው።

ሌላው የገረመኝ፣ ግቢው ውስጥ ማንም ሰው የጠፋበት አይመስልም። ልጆች ይሯሯጣሉ (እዚያው ትምህርት ቤት አለ)፣ ፍቅረኛሞች ፎቶ ይነሳሉ፣ ላም ታይታ እልል ትባላለች። ላም አይታ የማታውቅ የቦሌ ልጅ ላሟን፣ ላም ስታልብ የኖረች እቴቴ ግድግዳውን። ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ነገር ይይዝና ከዚያ ወደማያውቀው ይሻገራል። ቅድም ያልኩት ጋለሪ ውስጥ መግቢያው ጽሑፉ ብቻ ነበር፣ እሱ ካልገባህ ውጭ ቆመህ ቀረህ።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ መግቢያ ይከፈላል። ክረምት ከሆነ ነጭ ጫማ አታድርጉ። ጠዋት ሂዱ፣ ቅርጹ ጎልቶ የሚታየው ፀሐይ ግድግዳውን በጎን ስትመታው ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ስለሚጠፋ ግማሹን ታጡታላችሁ። አረጋዊ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጊዜ ስጧቸው፣ አታስቸኩሏቸው። ሥዕል ብቻ ማየት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ፣ እሱ ሌላ ቀን ነው፣ ሌላ ዓይነት እጅ ነው፤ ጀርመን ተምሮ መጥቶ ብዙ ሰው ይሄ ምን ሥዕል ነው እያለው የሠራ፣ በግጥሙም የምናውቀው ሰው ነው። እቴቴን እዚያም ልወስዳት አስቤያለሁ፣ ምን እንደምትል ለመስማት ብቻ።

ስንወጣ በሩ ጋ ዞር ብላ አንድ ጥግ አሳየችኝ። "ያችን ግን እኔ ብሆን ዝቅ አድርጌ ነበር የምለስናት" አለች። ሂስ መሆኑ ነው።

ማታ ቤት ገብተን የተበጠሰ የቻርጀር ገመድ ቅርጫት ውስጥ ስጥል አየችኝ። ተነስታ አወጣችው፣ ጠቅልላ በፌስታል ቋጠረችው። አሁን ፌስታሉ ውስጥ ገመዱ፣ ሁለት የሞተ ሪሞትና የእህቴ አሮጌ ኢርፎን አሉ። "ለዚያ ልጅ ትወስድለታለህ" ትለኛለች። ያ ልጅ ሃምሳ ዓመት እንዳለፈው ነግሬያታለሁ፣ አልሰማችኝም።