ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይስ ሐዋሳ? ሕፃን ይዞ ለማረፍ የሚመቸው የቱ ነው

ልጅ ከመወለዱ በፊት ማረፊያ የምንመርጠው በእይታው፣ በመዋኛ ገንዳውና በምግቡ ነው። ሕፃን ከመጣ በኋላ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። ሕፃኑ ሌሊቱን ከተኛ ወላጅ ያርፋል፤ ካልተኛ የትኛውም ሐይቅ አያሳርፍም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚነሱ ቤተሰቦች አዘውትረው የሚያነሷቸውን ሦስት ቦታዎች እዚህ የምመዝናቸው በመንገዳቸው፣ በሌሊታቸውና ሕፃኑ ድንገት ቢታመም ለሕክምና ባላቸው ቅርበት ነው። ውበት ሦስቱም ጋ አለ።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ልበል። ብዙ ቤተሰብ ክርስትና ሳይነሳ፣ ማለትም ወንዱ 40 ሴቷ 80 ቀን ሳይሞላቸው፣ ሕፃን ይዞ ከቤት አይርቅም። እኔ ትንሽ ጨምሬ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቶች እስኪጠናቀቁ መቆየትን እመክራለሁ። እናትም እስከዚያ ታገግማለች፤ ሕፃኑም የመኝታ ሰዓቱን መልመድ ይጀምራል።

መንገዱ

በዚህ ቢሾፍቱን የሚወዳደር የለም። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሄዳችሁ ሕፃኑ አንድ እንቅልፍ ሳይጨርስ ትደርሳላችሁ። በፍጥነት መንገዱ ላይ እንደ ልብ ቆሞ ማጥባት ስለማይቻል፣ ከመግባታችሁ በፊት አጥቡት፤ ዳይፐሩንም ቀይሩለት።

ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር፣ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደው አዲሱ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል፤ ቢሆንም ለላንጋኖ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ እስከ ሐይቁ ዳር ያለው ኮረኮንች የተኛን ሕፃን ይቀሰቅሳል። ወደ ሐዋሳ በመኪና ለሚሄድ፣ ለማጥባትና ለመቀየር የሚቆምበት ጊዜ ሲደመር ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ሐዋሳ ግን ሌላ አማራጭ አላት፦ አውሮፕላን። በረራው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። አቅም ለሚፈቅድለት፣ ጨቅላ ላለው ቤተሰብ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ እንደዚህ የሚያዋጣ አላውቅም።

በመኪና ከሆነ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ መስመር ከሚመላለስ ሰው የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ድረሱ። የሕፃን የመኪና ወንበር ከኪራይ መኪና ጋር ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የራሳችሁን ያዙ።

ሌሊቱ

ሦስቱም ቦታዎች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ 1,700 ገደማ፣ ላንጋኖ ደግሞ ከ1,600 ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህ ቁጥር ለወላጅ ትርጉም አለው፤ ወባ በአገራችን በዋናነት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነውና። ቢሾፍቱ ከፍ ያለች በመሆኗ ስጋቱ ከሁለቱ ያነሰ ነው፤ የለም ማለት ግን አይደለም። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ከዚያም በሚያዝያና በግንቦት ነው። ላንጋኖን ወይም ሐዋሳን የምታስቡ ከሆነ ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ምረጡ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለዘመድ ጥየቃ የመጡ ቤተሰቦች ደግሞ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ስለ ወባ መከላከያ የሕፃኑን ሐኪም ያማክሩ፤ የመድኃኒቱ መጠን በክብደት የሚለካ ነው።

አጎበሩን አደራ። ክፍሉን እንደተረከባችሁ፣ ገና ቀን ሳለ፣ አውርዳችሁ መስኮቱ ፊት ዘርጉትና እዩት። ቀዳዳ ካለ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፍራሹ ጋር በሚሻሸው ግርጌ ላይ ነው። ከላይ አምሮ የተንጠለጠለ አጎበር ወርዶ ፍራሹ ሥር የማይገባ ከሆነ ጌጥ ብቻ ነው። ለሕፃን በጣም የሚመቸው ገበያ ላይ የሚገኘው እንደ ዣንጥላ የሚዘረጋው ትንሹ አጎበር ነው፤ ከቤት ይዛችሁት ሂዱ። ማታ ማታ የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን አይሆንም፤ ከዚያ በላይ ለሆነውም እጁ ላይ አይቀባም፣ አፉ ውስጥ ያስገባዋልና።

የቢሾፍቱ ሌሊት ችግር ሌላ ነው፦ ድምፅ። ለአዲስ አበባ ቅርብ በመሆኗ ሠርግ፣ መልስ፣ የመሥሪያ ቤት ግብዣ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቅዳሜና እሑዶች የሐይቅ ዳር ሪዞርት ይዞ ሕፃን አስተኛለሁ ማለት ዘበት ነው። ስትደውሉ «ክፍል አለ?» ብቻ ሳይሆን «በዚያ ቀን ዝግጅት አላችሁ? ድምፅ ማጉያው ከክፍላችን ምን ያህል ይርቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሄደ ቤተሰብ ግን ያንኑ ቦታ በጸጥታ፣ ብዙ ጊዜም በረከሰ ዋጋ ያገኘዋል። ከሥራ አንድ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳችሁ በአዘቦት ቀን ሂዱ፤ ሕፃን ላለው ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ቀኑ

የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ በባቦጋያም ዳርቻው ገደላማ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ማረፊያዎች በእርከን የተሠሩ ናቸው፤ ከክፍል ወደ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤት ወደ ውሃው ደረጃ ነው። ጋሪ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቀኑን ሙሉ ስትሸከሙት ትውላላችሁ። አንቀልባ ያዙ፤ በኮረኮንቹም በደረጃውም እሱን የሚያህል የለም። ለሚድህ ልጅ በረንዳው ላይ ያለው አጥር ዘንጎች መራራቅም መታየት አለበት፤ ጭንቅላት የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ምድር ቤት ጠይቁ።

ላንጋኖ ለጥ ያለ አሸዋማ ዳርቻ አለው፤ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ስለሚባል ለዋና የሚታወቅ ሐይቅ ነው። ቆሞ መሄድ ለጀመረ ልጅ አሸዋው ገነት ነው። ቀትር ላይ ግን ፀሐዩ ይከብዳል፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ጭራሽ ለቀጥታ ፀሐይ መጋለጥ የለበትም፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባትም በዚያ ዕድሜ አይመከርም። ስለዚህ የምትይዙት ጎጆ ጥላ የሚጥል ትልቅ ዛፍ ከጎኑ ይኑረው፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የሐይቅ ንፋስም በቀጥታ በሩ ላይ የማይመታ ይሁን። ብርድን የሚፈሩት አያቶች በዚህ ልክ ናቸው።

ሐዋሳ ለእናት የምትመች ከተማ ናት። መንገዷ ሜዳ፣ የሐይቁ ዳር መናፈሻዋ ጥላማ ነው፤ ሕፃን ታቅፎ ወይም በጋሪ እየገፉ መንሸራሸር የሚቻልባት ከሦስቱ እሷ ብቻ ናት። ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ የዓሣ ሾርባ መጠጣት ለምታጠባ እናት ደስ ይላል። በሐይቁ ዳር ያሉ ግቢዎች ውስጥ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጦጣ ከሕፃን እጅ ሙዝ መንጠቅ የለመደ ነው፤ ውጭ አታብሉት።

ሕክምናውና ወጥ ቤቱ

ላንጋኖ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት ትኩሳት ቢነሳ ፋርማሲ ፍለጋ ወደ አርሲ ነገሌ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ በጨለማ መንዳት ሊኖርባችሁ ነው። ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታልና በርካታ ፋርማሲዎች አሏት። ከቢሾፍቱ ደግሞ የለመዳችሁት የአዲስ አበባ ሐኪም ቢበዛ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

ስድስት ወር ላልሞላውና ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃን ወጥ ቤት አያሳስብም። የጣሳ ወተት የሚጠቀም ከሆነ ግን ክፍሉ ውስጥ የውሃ ማፍያ መኖሩን ጠይቁ፤ ውሃው ፈልቶ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ነው ዱቄቱ የሚበጠበጠው፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፔርሙስ ከቤት አይቅር። ምግብ ለጀመረ ልጅ ደግሞ ከሪዞርት ይልቅ ወጥ ቤት ያለው የሚከራይ ቤት ይሻላል፤ ቢሾፍቱና ሐዋሳ ውስጥ ይገኛል። የምጥን ገንፎውን እናት በሰዓቱ ትሠራለች፣ አያት ወይም ሞግዚት የራሷ ክፍል ይኖራታል፣ ዳይፐርና ልብስ የሚታጠብበት ግቢ አለ። የሚጎድለው አልጋ አንጥፎ ቁርስ የሚያቀርብ ሰው ነው፤ እናት አርፋ እንድትመለስ ከተፈለገ ይህንን ሥራ ማን እንደሚሠራው ከመከራየታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

የኔ ምርጫ

ለመጀመሪያ ጉዞ፣ በተለይ ስድስት ወር ላልሞላው፣ ቢሾፍቱ፦ በአዘቦት ቀን፣ ሁለት ሌሊት፣ ምድር ቤት ክፍል። ለሚድህና ምግብ ለጀመረ ልጅ ሐዋሳ፤ ከሦስት ሌሊት ባነሰ ግን መንገዱ አያዋጣም። ላንጋኖን ሳልወደው ቀርቼ አይደለም፤ ከሦስቱ እውነተኛ ጸጥታ ያለው እሱ ጋ ነው። ዓመት ተኩል አልፎት አሸዋ ላይ የሚሮጥ ልጅ ላለው፣ ያውም በበጋ፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሆን ነበር። ዓመት ላልሞላው አልመርጠውም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የክፍሉንና የሕፃኑን አልጋ ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ «የሕፃን አልጋ አለ» ሲባል አንዳንዴ ስፖንጅ ፍራሽ ማለት ነው። የተነገራችሁ ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያውን ማካተቱን፣ ለሕፃን የሚታሰብ ነገር መኖሩንም አጣሩ። ገላ ማጠቢያው ሻወር ብቻ ከሆነ ትንሽ ሳፋ መኪና ውስጥ ጣሉ። ክፍል የሚለቀቅበትን ሰዓትም ሕፃኑ የቀኑን እንቅልፍ እስኪጨርስ እንዲያራዝሙላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በአዘቦት ቀን ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሕፃኑ ካተኮሰ በዕለቱ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ የት እንደነበራችሁም ሳትጠየቁ ንገሩ።