ቅባቱ ቆዳ ውስጥ ምን ያህል ይገባል? ለደሴና ለኮምቦልቻ ላብራቶሪ የቱ መለኪያ ይሻላል

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለምን እንደምትለኩ ወስኑ። ሁለት ቅባት ማወዳደር ሌላ፣ «ለሰው አይጎዳም» ማለት ሌላ ነው።

ብዙ ላብራቶሪ የሚሠራበት ዕቃ ፍራንዝ ሴል ይባላል። ሁለት የመስታወት ክፍል አለው፣ መሃሉ ላይ ቆዳ ይዘረጋል። ቅባቱ ከላይ ይቀባል። ታች ያለውን ፈሳሽ ማግኔት ያማስለዋል፣ በየሰዓቱ በሲሪንጅ እየተቀዳ ይለካል። የቆዳው ሙቀት 32 ዲግሪ ገደማ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ በደሴ ብርድ ሴሉን በሙቅ ውሃ የሚያሞቀው ዋተር ባዝ ላይ አትቆጥቡ። ሥራው ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ይፈጃል፤ ሌሊት መብራት ከሄደ ልፋታችሁን ውሃ በላው። እኔን ያቃጠለኝ ግን አረፋ ነው። ከቆዳው ሥር አንዲት አረፋ ከተደበቀች በዚያ በኩል ምንም አያልፍም፣ ውጤቱም አንሶ ይወጣል። ሴሉን ዘንበል አድርጋችሁ በጎን አስወጧት።

መሃሉ ላይ ምን ይዘርጋ? አንደኛው የሰው ቆዳ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና የተረፈ፣ ባለቤቱ የፈቀደው፣ ውፍረቱ ከ200 እስከ 400 ማይክሮሜትር እንዲሆን በስሱ የተቆረጠ። በውጭ አገር የአሳማ ጆሮም ይሠሩበታል። ደሴ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውምና ከየት ይመጣል! ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ አለ ብላችሁም አትጓጉ። ኖራው ጸጉሩን ሲያነሳ የላይኛውን ስስ ሽፋን ይዞት ይሄዳል። ኬሚካል የሚከለክለው ደግሞ እሱ ነው።

በቆዳ ፋንታ የሚዘረጋው ሰው ሠራሽ ስስ ሽፋን (ሜምብሬን) ፍሪዘር አይፈልግም፣ ሁሉም ቁራጭ ተመሳሳይ ነው። ሁለት ቅባት ለማወዳደር ይበቃል፣ ለሰው ደኅንነት ግን ማስረጃ አይሆንም። በላብራቶሪ የሚበቅለው ሕያው ቆዳ ዕድሜው የቀናት ነው። ጉምሩክ ላይ ትንሽ ከቆየ አለቀለት። ደግሞም ከእውነተኛው ቆዳ የበለጠ ያሳልፋል። ይቅርባችሁ።

የፕላስተሩ ዘዴ ርካሽ ነው። ፈቃደኛ ሰው ክንዱ ላይ ይቀባል፣ ከዚያ ፕላስተር እየተለጠፈ ይላጣል፣ እሱ ላይ የቀረው ይለካል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሚነግራችሁም ላይኛው ሽፋን ላይ ያለውን ብቻ ነው፣ ደም ውስጥ የገባውን አይደለም።

እኔ ብሆን በእጅ የሚቀዳ ባለ ስድስት ፍራንዝ ሴልና ሜምብሬን እገዛለሁ። አውቶማቲኩ ከተበላሸ ጠጋኙ እዚህ የለም። ከተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ኬሚካሉን ለይቶ የሚለካው መሣሪያ (ኤችፒኤልሲ) ከሌላችሁ ግን መጀመሪያ የሚለካላችሁ ላብራቶሪ ፈልጉ። ትርፍ መስታወትም አብራችሁ እዘዙ፤ ሲታጠብ ይሰበራል።